ጥቆማ፦ ለማይለቅ የአፍንጫ አለርጂ በቤንጋሉሩ የሚገኙ የአዩርቬዳ አማራጮች

ወደ ሕንዷ ከተማ ቤንጋሉሩ ከመጣችሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ የያዛችሁ፣ ሌሊቱንም አፍንጫችሁ ተደፍኖ በአፋችሁ እየተነፈሳችሁ የምታነጉ ተማሪዎች የትኛው የአዩርቬዳ፣ ማለትም የሕንድ ባህላዊ ሕክምና እንደሚሻል ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ በአራት ዓመት ውስጥ በራሴ ላይ የሞከርኩትን ጽፌላችኋለሁ። የእኔ ሕመም ሐኪሞች የማያቋርጥ ከሚሉት ወገን ነው፤ ይኸውም በሳምንት ከ4 ቀን በላይ የሚታይ፣ በተከታታይም ከ4 ሳምንት በላይ የሚቆይ ማለት ነው። በቆዳ ምርመራ የተገኙት መንስኤዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖረው በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕንዶች የኮንግረስ ሣር የሚሉት፣ እኛ ቅንጨ አረም የምንለው ተክል የአበባ ብናኝ ነው። ያን አረም በሐረርጌ የገበሬውን ማሳ ሲወርር አይቼው ስለነበር፣ እዚህም በየባዶ ቦታው አብቦ ሳገኘው ከልቤ አዘንኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረግጥ። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ውጤቱ በተሻለ የተረጋገጠው ከአንገት በላይ ሐኪም የሚያዘው፣ እንደ ፍሉቲካሶንና ሞሜታሶን ያለው፣ የአፍንጫን መቆጣት የሚቀንሰው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። አዩርቬዳን የምጠቁማችሁ ከእርሱ ጎን እንጂ በእርሱ ምትክ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የሄድኩበት አንድ የግል ማእከል የ21 ቀን ክፍያ በቅድሚያ ከተቀበለኝ በኋላ ስፕሬዩን እንዳቆም አዘዘኝ፤ አቆምኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ለዓመታት ጠፍቶልኝ የነበረው አስም ተነሥቶብኝ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። የምትወስዱትን መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁ ቦታ ካጋጠማችሁ ሳትከፍሉ ውጡ።

ከሞከርኳቸው ሁሉ በዋጋውም በጥቅሙም የሚበልጥብኝ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ነው። ጃላ ኔቲ ይባላል፤ ምንጩ ዮጋ ቢሆንም የአዩርቬዳ ሐኪሞችም ያዝዙታል። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማም፣ ማስረጃው ገና ጠንካራ አለመሆኑን ገልጾ፣ እጥበቱ የአለርጂውን ምልክቶች ሊያቀልል እንደሚችል ጽፏል። ዕቃው አፉ ረዘም ያለ፣ ትንሽ ጀበና የሚመስል ነው። የመዳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ጨው ስለሚበላው የማይዝገውን ብረት ወይም ፕላስቲኩን ግዙ። በ240 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨውና ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ በመታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን ወደ ጎን ታዘነብላላችሁ፤ በአፋችሁ እየተነፈሳችሁ ውኃውን ከላይ ባለው ቀዳዳ ስታፈሱት በታችኛው ይወጣል። የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ጨው አንሶታል ወይም በዝቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውኃ ሳታፈሉ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች በዚህ መንገድ አንጎልን በሚያጠቃ አሜባ ተይዘው ሞተዋል።

ናስያ፣ ማለትም በአፍንጫ ዘይት ማንጠባጠብ፣ ፓንቻካርማ ከሚባሉት አምስት ሕክምናዎች አንዱ ነው። ፊት በሞቀ ዘይት ይታሻል፣ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ከዚያም በጀርባ ተኝታችሁ ራሳችሁ ወደ ኋላ ሲዘነብል ከሰሊጥ ዘይትና ከፍየል ወተት ከብዙ ዕፅዋት ጋር የሚዘጋጀው አኑ ታይላ ለብ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ትተፉታላችሁ። ለእኔ ድርቀቱንና ማሳከኩን አለዘበልኝ፤ ማስነጠሱን ግን አላስቆመውም። ለዚህ የምመርጠው ዳንዋንታሪ መንገድ ላይ ያለውን የስሪ ጃያቻማራጄንድራ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በማለዳ ሂዱ፤ የአካባቢውን ቋንቋ ካንናዳን የሚችል ጓደኛም አስከትሉ። የግል ክሊኒኮች በቀጠሮ ያስተናግዳሉ፣ በእንግሊዝኛም ያነጋግራሉ፤ ክፍያቸው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በየትኛውም ቦታ ቢሆን የሚያክማችሁ ሰው አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጀውን የአዩርቬዳ ዲግሪ የያዘ መሆኑን ጠይቁ። አስም ያለባችሁ ደግሞ ዘይት ወደ ሳንባ ቢገባ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዘይቱን ለብቻው የምትገዙ ከሆነ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. በሕንዷ ኬረላ ግዛት የተመሠረተው የኮታካል አርያ ቫይድያ ሳላ ድርጅት ምርት በከተማው ውስጥ ይገኛል።

ስለ ዱቄቶቹ ብዙ አልልም። ትሪካቱ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የእኛ ጥምዝ ዘመድ የሆነው የሕንድ ረጅም በርበሬ ድብልቅ ነው፤ በሻይ ሲጠጣ ያሞቃል፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ግን አይስማማም። በእርድ የሚሠራው ሃሪድራ ካንዳና ማር መሰሉ ቻያቫንፕራሽ ስኳራቸው ብዙ ስለሆነ የስኳር ሕመምተኞች ተጠንቀቁ።

አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ በስማቸው ላይ "ራስ" ወይም "ባስማ" የሚል ቃል ስላለባቸው መድኃኒቶች ነው፤ ብዙዎቹ ማዕድን ይገባባቸዋል። ለጉንፋንና ለሳይነስ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ላክሽሚ ቪላስ ራስ ሜርኩሪ ከሚገባባቸው አንዱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለባቸው አግኝቷል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የይዘቱ ዝርዝር፣ የአምራቹ የፈቃድ ቁጥር፣ የባች ቁጥርና የተመረተበት ቀን ካልተጻፈ አትግዙ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ደግሞ ያለ ሐኪሟ ፈቃድ ከእነዚህ አንዱንም አትውሰድ።

ለዕረፍት አገር ቤት የምትገቡም የማጠቢያ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ ውኃው ለ1 ደቂቃ ከተንተከተከ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ሙሉ አንተክትኩት፣ ከዚያም ተከድኖ ለብ እስኪል ጠብቁ።