አንድ እቃ፣ ሁለት ዋጋ፦ ከትንሹ የኦንላይን ሱቅ ልግዛ ወይስ ከትልቁ?

ክር_በመርፌ፦

ሰላም ሰዎች። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጬ አንገቴ ደርቋል፣ እስቲ አንድ በሉኝ። የልብስ ስፌት መኪና ልገዛ ነው፤ ለቤት የሚሆን፣ መካከለኛ። አንዱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግዙፍ የኦንላይን ገበያ ላይ አለ። ሌላው የስፌት እቃ ብቻ የሚሸጥ ትንሽ ድረ ገጽ ላይ ነው።

ስሌቱ እንዲቀል የትልቁን ዋጋ 100 በሉት። ትንሹ ጋ 94 ነው። ደስ ብሎኝ ልከፍል ስል መጨረሻው ገጽ ላይ መላኪያ 11 ተደመረና 105 አለኝ። ትልቁ ጋ መላኪያ ነፃ ነው። እሺ ብዬ ወደ ትልቁ ስመለስ ደግሞ 100 የነበረው 103 ሆኖ ጠበቀኝ። በአንድ ሌሊት! እኔ ደጋግሜ ስላየሁት ነው እንዴ የጨመሩብኝ?

ትልልቆቹ ሁሌ ይረክሳሉ የሚባለው እውነት ነው? እናንተ ስትገዙ እንዴት ነው የምታወዳድሩት?

ስሌተኛው፦

አንቺ ልበል አንተ? በአንቺ ልቀጥል፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ስለ ሌሊቱ ጭማሪ፣ አንቺን አይቶ አይመስለኝም። ትልልቆቹ ጋ ዋጋ የሚቀይረው ሶፍትዌር ነው። የተፎካካሪውን ዋጋ፣ የቀረውን እቃ፣ የፈላጊውን ብዛት እያየ ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። አንዳንዴም ያብዳል። በፈረንጆቹ 2011 አማዞን ላይ ስለ ዝንብ ሥነ ሕይወት የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተለጥፎበት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአንደኛው ሻጭ ሶፍትዌር ዋጋውን ሁሌ ከተፎካካሪው ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ የሌላኛው ደግሞ የዚያን ዋጋ በ1.27 ያበዛል። ተያይዘው ሰማይ ወጡ። ሻጮቹ ራሳቸው ልብ ያሉት ቆይቶ ነው።

ግን ጥርጣሬሽ ከንቱ ነው አልልም። በ2000 ያው አማዞን አንዱን ዲቪዲ ለተለያዩ ደንበኞች በተለያየ ዋጋ ሲያሳይ ተነቅቶበታል። የታወቀው ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ነው። ኩባንያው የዘፈቀደ ሙከራ ነበር አለ፣ በውድ ለገዙትም ገንዘብ መለሰ። ስለዚህ ከአካውንትሽ ወጥተሽ፣ በሌላ ስልክም አይተሽ ብታረጋግጪ የሚጎዳሽ ነገር የለም።

ወደ ማወዳደሩ ልምጣ። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ዋጋ አላምንም፣ ከነጭራሹ አልጽፈውም። እቃውን ካርት ውስጥ ከትቼ፣ አድራሻ ሞልቼ፣ «ክፈል» ከሚለው ቁልፍ በፊት ያለውን ድምር ነው የምጽፈው። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ውስጥ። ማታ ያየሁትን ከጠዋቱ ጋር አላወዳድርም፣ ምክንያቱን አሁን ራስሽ አይተሽዋል።

ቀጥሎ የሞዴል ቁጥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ስሙ አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ትለያለች። አንዳንድ አምራቾች ለትልልቅ ሱቆች ብቻ የተለየ ቁጥር ያለው ሞዴል ያወጣሉ። ፍራሽና ቲቪ ላይ የታወቀ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ስለማይገጥም «ሌላ ሱቅ ረክሶ ካገኛችሁት እኛም እንቀንሳለን» የሚለው ቃል ባዶ ይቀራል። ያንቺን ቁጥር ፊደል በፊደል አይተሽዋል? ካርቶኑ ውስጥ ፔዳሉ አለ? ተጨማሪ ቦቢኖችስ (የታችኛው ክር የሚጠመጠምባቸው)? አንዱ ጋ ኖረው ሌላው ጋ ከሌሉ፣ አንድ እቃ አይደለም እያወዳደርሽ ያለሽው።

ሻጭ_ነኝ፦

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። ትንሽ የኦንላይን ሱቅ አለኝ። የምሸጠውን አልናገርም፣ ማስታወቂያ ይመስላል።

ያቺ 11 መላኪያ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተደበቀ ትርፍ አይደለችም። ትልቁ በቀን ስፍር ቁጥር የሌለው እሽግ ስለሚልክ ከአጓጓዡ ጋር ተቀምጦ ዋጋ ይደራደራል። እኔ በቀን አሥራ አምስት ልኬ ምን አፍ አለኝ? በዚያ ላይ ስፌት መኪና ከባድ ነው፣ ካርቶኑም ሰፊ ነው፣ አጓጓዦች ደግሞ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የሚይዘውን ቦታም ያስከፍላሉ። ትልቁም «ነፃ» ሲልሽ በነፃ የሚወስድለት ሰው የለም። ዋጋው ውስጥ ገብቷል፣ ወይም በዓመታዊ አባልነት ከፍለሽዋል።

ብዙዎቻችሁ የማታዩት ነገር ደግሞ አለ። ትልቁ ገበያ ላይ የምታዩት እቃ ብዙ ጊዜ የትልቁ አይደለም፣ የእኔ ቢጤ ነው። አማዞን ላይ ከሚሸጠው እቃ በቁጥር ከግማሽ በላዩ የሌሎች ሻጮች ነው። ለአብዛኛው የእቃ ዓይነት ኮሚሽኑ 15 በመቶ ገደማ ነው። መጋዘን ሲጨመር፣ ማስታወቂያ ሲጨመር ሻጩ ጋ የምትቀረው ስስ ናት።

ታዲያ ለምን በራስህ ድረ ገጽ 15 በመቶ አትቀንስም ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍቲሲ፣ በመስከረም 2023 አማዞንን የከሰሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፦ ሌላ ቦታ አርክሶ የሚሸጥን ነጋዴ በፍለጋ ወደ ታች ይቀብራል የሚል ነው ክሱ። አማዞን ክሱን አይቀበልም። እኔ የማውቀው የራሴን ነው። እኔም እዚያ በምሸጥበት ገበያ አንድ ጊዜ በራሴ ገጽ ዋጋ ቀንሼ፣ በሳምንቱ ትእዛዝ ጭር አለብኝ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ዳግመኛ ግን አልሞከርኩም።

እና ምክሬ፦ የትልቁ ገጽ ላይ «ሻጭ» የሚለውን መስመር አንብቢ። ከስሙ ሥር በትንሹ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ያንን ስም ለብቻው ፈልጊው።

ችኩል_ነኝ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለ2 ነጥብ ልዩነት ሦስት ቀን? 105 እና 103 ነው አይደል የምንጨቃጨቅበት? እኔ ልክ እንዳንተ፣ ስሌተኛው፣ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ነበር። የስልክ ሽፋን ለመግዛት አንድ ምሽት ሙሉ አሥራ አራት ገጽ ከፍቼ አመሸሁ፣ ያተረፍኩት ደግሞ ለመናገር ያሳፍራል። አሁን እቃው ርካሽ ከሆነ መጀመሪያ ያገኘሁት ጋ እከፍላለሁ። ውድ ከሆነ ሦስት ቦታ አያለሁ፣ ከዚያ በላይ የለም።

ደግሞ ትልቁ ጋ ብገዛ ካልወደድኩት መመለስ ቀላል ነው። ይሄ በቁጥር አይገባም እንዴ?

ስሌተኛው፦

ይገባል እንጂ። እንደውም መላኪያውን ከነመመለሻው ነው ማሰብ ያለብን። ያንን ከባድ ካርቶን ለትንሹ ሱቅ የምትመልሺው በራስሽ ወጪ ከሆነ 94ቱ ምን ዋጋ አለው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኦንላይን የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይችላል፣ የመመለሻውን መላኪያ ግን ብዙ ጊዜ ገዢው ነው የሚችለው። ሌላ ቦታ ሕጉ ይለያያል፣ ከመክፈል በፊት የሱቁን የመመለሻ ገጽ ማንበብ ነው።

ሠንጠረዡን ግን አትንካብኝ፣ ያዝናናኛል።

የተቃጠለ_ጣት፦

ስለ ዋጋ ብቻ አወራችሁ። ባለፈው ዓመት ከሁሉም 20 በመቶ የረከሰ የቡና መፍጫ አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ። ሱቁ ትንሽ ነው፣ ገጹ አሪፍ ነው። እቃው ደረሰ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ ቡፍ አለ። ጭስ። ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳየው 120 ቮልት ይላል። የእኛ ቤት 220 ነው። እቃው የተሠራው ለሌላ ገበያ ነበር፣ አንድ ሰው ከዚያ በርካሽ ገዝቶ ነው ያመጣው። አምራቹን ስጠይቅ «በዚህ አገር ዋስትናው አይሠራም» አሉኝ። ሻጩ መልእክቴን አየው፣ አልመለሰም።

እንዲህ ዓይነቱ እቃ የውሸት አይደለም፣ የተሰረቀም አይደለም። ግን ዋስትናው አብሮት አልመጣም። ስፌት መኪና ደግሞ ሞተር ነው። ቮልቱን እዩ።

በጣም የረከሰ አዲስ ገጽ ካያችሁ ደግሞ ፎቶውን በፎቶ ፍለጋ አስገቡት። አሥር ሌላ ገጽ ላይ ያው ፎቶ ከወጣ፣ ስልክም አድራሻም ከሌለው፣ በባንክ ብቻ አስተላልፉ ካለ፣ ሽሹ። በካርድ የከፈለ ሰው ቢያንስ ባንኩን አቤት ይላል።

ሻጭ_ነኝ፦

@የተቃጠለ_ጣት ትንሽ ሱቅ ሁሉ እንዲያ አይደለም አቦ። እንዲህ ዓይነቱ እቃ ትልቁ ገበያ ላይም ሞልቷል።

የተቃጠለ_ጣት፦

አላልኩም። መፍጫዬን እየቀበርኩ ነው።

ዝምተኛዋ፦

ዋጋው በእርግጥ ቀንሷል ወይ ለሚለው፣ የዋጋ ታሪክ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። አማዞን ላይ ኪፓ እና ካሜልካሜልካሜል የሚባሉትን ብዙ ሰው ይጠቀማል። የእቃውን ሊንክ ስትሰጡት የወራቱን ከፍና ዝቅ በመስመር ያሳያል። «ከ140 ወደ 100 ቀነሰ» ያለው እቃ ዓመቱን ሙሉ 100 ሆኖ ታገኙታላችሁ። አውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ ቅናሽ ያወጀ ሻጭ ባለፉት 30 ቀናት የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ እንዲያሳይ ያስገደደው ለዚህ ነው። ትንንሾቹን ሱቆች ግን እነዚህ መሣሪያዎች አይከታተሉም፣ እዚያ ራሳችሁ ስክሪንሾት ማንሳት ነው።

ሌላው ከልምድ፦ ሁሉም የሚገዛው ነገር ትልቁ ጋ ይረክሳል። ክር፣ መቀስ፣ ቻርጀር። ጥቂት ሰው የሚፈልገው ነገር ግን ትልቁ ጋ ወይ የለም ወይ አጉል ውድ ነው። እኔ ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናዬን እግር ለመቀየር ፈልጌ ትልቁ ጋ በእጥፍ ነበር። ልዩ ሱቁ ደግሞ ሞዴሌን ጠይቆ «ይሄ ለአንቺ አይገጥምም፣ ያንኛውን ውሰጂ» አለኝ። የነገረኝ ደግሞ የረከሰውን ነው።

ክር_በመርፌ፦

ተመለስኩ። (ሴት ነኝ፣ ልክ ነህ።)

ሻጭ_ነኝ እንዳልከው ትልቁ ገጽ ላይ ወርጄ አነበብኩ። የሚሸጠው ትልቁ ራሱ አይደለም፣ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። የሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ትርፍ አለው። መግለጫው ውስጥ ሄጄ ሄጄ፣ ከቀለሙና ከክብደቱ በታች፣ 110 እስከ 120 ቮልት ይላል። የተቃጠለ ጣት፣ ጣትህ ይማርልኝ።

ለትንሹ ሱቅ ጻፍኩላቸው። ቮልቱ 220 እስከ 240 ነው፣ ፔዳሉ አብሮ አለ፣ ለሁለት ዓመት ዋስትናው እዚሁ ይሠራል አሉ። ምን ይጎዳል ብዬ «መላኪያው ከበደኝ» አልኳቸው። በማግስቱ ከ11 ወደ 5 አወረዱልኝ፣ 99 ሆነ። የጂንስ መርፌም ጨምረውልኛል። ትናንት ደረሰ፣ አንድ የትራስ ልብስ ሰፍቼበታለሁ፣ ጠርዙ ጠማማ ነው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።

ክሩን ግን ከትልቁ ነው የገዛሁት። በግማሽ ነበር።

ችኩል_ነኝ፦

ስንት ቀን ፈጀ በአጠቃላይ?

ክር_በመርፌ፦

ስድስት። አትጠይቀኝ።