«ካሊፕሶ»ን በክራር፦ የትኛው ቅኝት ይስማማዋል?

ክራረኛው (ፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጆን ዴንቨር ካሴት አለ። ማታ ማታ አንዷን ዘፈን ብቻ ወደ ኋላ እያጠነጠነ ይሰማት ነበር፤ «ካሊፕሶ»ን። ልጅ ሳለሁ የሴት ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ መርከብ ናት። በፈረንጆቹ 1942 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ ሆና ተሠራች። ኋላ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ የባሕር ምርምር መርከብ አደረጋት። ዴንቨር ዘፈኑን ያወጣው በ1975 ነው። ገቢውንም ለኩስቶ ማኅበር ሰጥቷል።

ካሊፕሶ ከኩስቶ ጋር በ1951 ለመጀመሪያው ትልቅ ጉዞዋ የሄደችው ወደ ቀይ ባሕር ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። አባቴ በወጣትነቱ ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር። «ውሃው እስከ ታች ድረስ ይታያል» ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ብዙ አያወራም።

አሁን ለሰፈር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር አስተምራለሁ። ዘፈኑን በአማርኛ ላስተምራቸው እፈልጋለሁ። በየትኛው ቅኝት ልሞክረው? ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆችስ ምን ብዬ ልጀምር?

ባለማሲንቆ፦
ወንድሜ፣ ትዝታ ሜጀር ሞክር። ዜማው ሦስት ምት ስለሆነ ችክችካ ላይ ብዙ ሳትቸገር ይቀመጥልሃል። አዝማቹ ላይ ዴንቨር ድምፁን ከደረት ወደ ላይ ሰበር እያደረገ ያለቃል የሚያዜማት ቦታ አለች። እሷን በጉሮሮ አትኮርጃት። ለክራሩ ተዋት፤ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ዝለል። ልጆቹ እዚያ ጋ እልል ይሉልሃል።

መምህርት (አራት ኪሎ)፦
ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከባሕር አትጀምር፤ ራስ መኮንን ድልድይ ውሰዳቸውና ቁልቁል አሳያቸው። ያ ውሃ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከድልድዩ የተጣለ ፌስታል ማንም ባሕር አይወስድልንም፤ እዚሁ አገራችን ነው የሚቀረው። ዓባይ ግን ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ኩስቶ መጥለቅ የጀመረው እዚያ ባሕር ላይ ነው። በ1943 ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር የሠሩትን የውሃ ውስጥ መተንፈሻም የሞከረው እዚያው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ባሕሩ ሩቅ አይሆንባቸውም።

ክራረኛው (ፒያሳ)፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ድልድዩ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁ። ካሊፕሶ በ1996 ሲንጋፖር ወደብ ላይ ተገጭታ ሰጠመች። በማግስቱ ዓመት ኩስቶም ዴንቨርም አረፉ፤ ዴንቨር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወድቃ። ይህን ለልጆቹ አሁን አልነግራቸውም። ቅኝቱ ትዝታ ሆኗል፤ ባለማሲንቆ ልክ ነህ። የመጀመሪያው ግጥም ይኸው፦

ከድልድዩ በታች የሚሄደው ውሃ፣
ባሕር ሳይደርስ ቀረ በአፋር በረሃ።

ቅዳሜ እንጀምራለን።