ቅሬያችን የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ሊያስጀምር ነው፤ ከየት እንጀምር?

የቅሬዋ ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኩታበር ነኝ። በቅርቡ ከቅሬያችን፣ ያው ከዕድራችን፣ አንዲት እናት በማህፀን በር ካንሰር አረፉ። ደሴ ሲደርሱ በሽታው ሄዶ ሄዶ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ «እኛ የምንሰበሰበው ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?» አሉና ትንሽ ገንዘብ ተመደበ። የቀረበው ሀሳብ ባነር ማሰራት፣ ቲሸርት ማሳተም፣ ከጤና ጣቢያ ሰው አስመጥቶ አንድ እሁድ ማስተማር ነው። ሊቀመንበራችን ደግሞ «ያልተመረመረች እንደ ቀብር ቀሪ ትቀጣ» ይላሉ። አትሳቁ፣ የምራቸውን ነው። እኔ ግን ሌላ ቦታ ተሞክሮ የሰራ ነገር ካለ እሱን መውሰድ ይሻላል ባይ ነኝ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ቅሬ ነው። ምን ትላላችሁ?

አዋላጇ ከኮምቦልቻ፦
ቲሸርቱን ተይው እህቴ። ገንዘቡን ለትራንስፖርት አስቀምጪው። በየአገሩ ውጤት ያመጣው ንግግሩ ብቻውን አይደለም፤ ሴትየዋ በገባችበት ቀን ታይታ፣ የሚታከም ነገር ከተገኘባት እዚያው ታክማ መውጣቷ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። የማህፀን በሯ ላይ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤ በይው፣ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ችግር ያለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል። ነጣ ማለት ካንሰር ያዛት ማለት አይደለም፣ ይሄንን ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ ቢተው ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ነገር ነው፣ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይጠፋል። ሰፊ ከሆነ ወይም ካንሰር ካስጠረጠረ ግን ወደ ሆስፒታል ነው የሚላከው።

ስለዚህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው ሂጂና ጠይቂ። የሰለጠነችው ባለሙያ አለች ወይስ ተዛውራለች? ማከሚያው ይሰራል? በማቀዝቀዝ ከሆነ ጋዙ አላለቀም? በቀን ስንት ሴት ማየት ትችላላችሁ? አስር ካሉሽ አስር ብቻ ላኪ። መኪና ሙሉ ሴት ይዛችሁ ሄዳችሁ ግማሹን «ሌላ ቀን ኑ» ካስባላችሁ፣ ከገጠር የመጣችው አትመለስም፣ ጎረቤቷንም ይዛ ትቀራለች።

ዕድሜው ላይም አትደራደሩ፤ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ላሉት ነው። ኤችአይቪ ላለባቸው ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ግን እሱን ስብሰባ ላይ አታንሱት። መድኃኒት የሚወስዱበት ክፍል ይነግራቸዋል።

የሐይቅ ልጅ፦
አዋላጇ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። የቅሬውን መዝገብ ገልጠሽ እይው። የእኛ መዝገብ ያለው በአባወራ ስም ነው፤ የሚስት ዕድሜ ቀርቶ ስሟም የሌለበት ገፅ ሞልቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ደብተር ያስፈልጋችኋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ማን እንደምትጠራት፣ ቀጠሮዋ። ውጤት ግን አይፃፍበት፣ ደብተሩ ከሰው እጅ ሰው እጅ ይዞራል። ከዚያ በየሰፈሩ ራሷ የተመረመረች ሴት መርጣችሁ ቤት ለቤት ትሂድ። ስም ጠርቶ «ማክሰኞ አብረን እንሂድ» ማለትና በማይክራፎን «ሴቶች ሆይ ተመርመሩ» ማለት አንድ አይደለም። የቀረችውን ደግሞ እንደገና መጥራት።

ቅጣቱን በተመለከተ ሊቀመንበሩን በጨዋ ደንብ አስተዋቸው። ሴት ልጅ ለቅጣት ብላ ልብሷን አታወልቅም።

አቦል ቶና በረካ፦
እኔ የምፈራው ወሬውን ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱ ሲጀመር «ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር፣ ፍፁም ውሸት ነው። ለዚህ ሼሁንና ቄሱን ቀድማችሁ ያዟቸው። ዱበርቲዎቹን፣ ዱዓ የሚያደርጉትን እናቶች ማለቴ ነው፣ ደግሞ አትርሷቸው፣ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ እነሱ ያሉት ነገር ከፖስተር በላይ ይሰማል። ቅርፁን እንደ ወሎ ባህላችን መለወጥ ትችላላችሁ፣ ቡና ላይም ይሁን ፅዋ ላይ። ዕድሜውንና የዚያኑ ቀን ሕክምናውን ግን እንዳትነኩ። ቀኑን በገበያ ቀን ብታደርጉትስ? ሁሉም ከተማ ይወጣል።

አዋላጇ ከኮምቦልቻ፦
በገበያ ቀን አይሆንም! ጤና ጣቢያው የሚጨናነቀው ያኔ ነው፣ ሴቷም ልቧ በሬው ላይ ነው። ከገበያ ማግስት ይሻላል።

የቅሬዋ ፀሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እማማ አንዷ፣ ስድሳ ያለፋቸው፣ «እኔ ቀድሜ ልታይና ሌላው ይድፈር» ብለዋል። ይሆናል?

አዋላጇ ከኮምቦልቻ፦
ልባቸው ይባረክ! ግን የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በኮምጣጤው በደንብ አይታይም። ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካላቸው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። ካልሆነ ቤት ለቤት ጥሪው ላይ አሰማሯቸው፣ እሳቸውን እምቢ የሚል ባል አይገኝም።