በእናቴ ሳንባ የታዩት ከረጢቶችና እባጮች ከሾግረን በሽታ ጋር ይያያዛሉ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት እናቴን ለዓመታት ዓይናቸውን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራቸዋል፤ እንጀራም ያለ ውኃ አይወርድላቸውም። ደረቅ ሳል ሲጀምራቸው የአክታ ምርመራው ደጋግሞ ነጻ ቢሆንም፣ አንድ ጤና ተቋም በኤክስሬይ ብቻ ተመርኩዞ የቲቢ መድኃኒት ለ6 ወር ሰጣቸው፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። አሁን በሲቲ ስካን ስስ ግድግዳ ያላቸው፣ አየር የያዙ ከረጢቶችና ሦስት እባጮች በሳንባቸው ታችኛው ክፍል ታይተዋል። ሪፖርቱ «ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ» ይላል፤ ሐኪማቸው ደግሞ ሾግረንን (የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበትን በሽታ) ጠርጥረዋል። እባጩ የግድ ካንሰር ነው ማለት ነው?

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦
እህቴ፣ የግድ አይደለም። በሾግረን የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን የሚያጠቁት ነጭ የደም ሴሎች በሳንባም ሊከማቹ ይችላሉ፤ ይህም ሊምፎይድ ኢንተርስቲሻል ኒሞኒያ ይባላል። ሴሎቹ ቀጫጭኖቹን የአየር ቧንቧዎች ሲያጠብቡ አየሩ መውጫ አጥቶ ከረጢት እንደሚፈጥር ይታሰባል። የከረጢቶቹ ቦታ ብዙ ይናገራል፦ በአጫሾች ላይ የሚታየው የላንገርሃንስ የሳንባ በሽታ ከረጢቶች ወደ ላይ ያደላሉ፣ የዚህኛው ግን በቁጥር ያነሱ፣ ከደም ሥሮች አጠገብ የሚገኙና ወደ ታች የሚያደሉ ናቸው። ከእነሱ ጋር እባጭ ሲኖር፣ በተለይም ካልሲየም ከያዘ፣ አሚሎይድ የተባለ የፕሮቲን ክምችት ይጠረጠራል። ሊምፎይድ ኢንተርስቲሻል ኒሞኒያ በኤችአይቪም ስለሚመጣ ያ ምርመራ አይቅር። ከሁሉ በፊት ግን የሲቲ መጠየቂያው ወረቀት ላይ የዓይንና የአፍ ድርቀቱ ተጽፎ እንደነበር ይመልከቱ፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ያልተነገረውን ሊያገናኝ አይችልም።

የፓቶሎጂ ሐኪም፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ምስል ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ሾግረን ባለባቸው ሰዎች ማልት ሊምፎማ የተባለው የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ከሌላው ሰው በበለጠ ስለሚከሰት፣ ከአሚሎይድም ጋር አብሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ «ጉዳት የለውም» ብሎ መተው አይገባም። ፔት ስካን የተባለው የምስል ምርመራም አሚሎይድንና ሊምፎማን በእርግጠኝነት አይለይም። ከእባጩ የተወሰደ ናሙና በኮንጎ ሬድ ቀለም ተነክሮ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ካንጸባረቀ አሚሎይድ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሴሎችም ለሊምፎማ መመርመር አለባቸው። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት የቀድሞው ሲቲ ካለ ይፈለግ፤ እባጩ ማደግ አለማደጉ ውሳኔውን ይለውጣል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጠየቂያውን አሁን አወጣሁት፤ «ሥር የሰደደ ሳል፣ ቲቢ የታከመ» ብቻ ይላል። የዓይን ሐኪሙ በ5 ደቂቃ ውስጥ በዓይናቸው ሥር የተደረገውን የእንባ መለኪያ ወረቀት ያረጠበው እንባ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን የጻፈበትን ካርድ፣ ከሲቲው ሲዲ ጋር ሰኞ ይዤ እሄዳለሁ።