ጥቆማ፦ ለእንስሳት ሕክምናና ለባዮሜዲካል ተመራማሪ ተማሪዎች የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የጀመረ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ምን ልጠቀም? ብዙ ሰው የሚመክራችሁ የሰው ሕክምና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን ነው። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን እኛ የምናጠናው ብዙ ጊዜ በመንጋ፣ በበረት ወይም በጎጆ (በላብራቶሪ ኬጅ) አብሮ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ፣ እኔ አንዱን ከሌላው የማስበልጠው ይህን ታሳቢ ማድረጉን አይቼ ነው።

ከናሙና ብዛት ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር በኋላ በምንም ስታቲስቲክስ አይጠገንም። ጂ ፓወር ነፃ ነው፤ ሁለት ሦስት ቡድን ለማወዳደር ደህና አድርጎ ይሠራል። ከስንት ከብት ደም ልውሰድ ለሚል ጥያቄ ግን ኤፒቱልስን ምረጡ። አውስቬት የተባለው የአውስትራሊያ የእንስሳት ጤና አማካሪ ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ ነፃ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ ቁጥር አስገብታችሁ ታሰላላችሁ። በየመመረቂያ ጽሑፉ የምናያትን 384 ታውቋታላችሁ አይደል? የበሽታው ስርጭት 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ ሲሰላ የምትመጣ ቁጥር ናት። ይህቺ ቁጥር የምትሠራው እንስሳቱ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ ነው። ከየመንጋው 10፣ 10 ከብት የምትወስዱ ከሆነና በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉት ከብቶች የሚመሳሰሉበት መጠን 0.1 ከሆነ፣ ናሙናው በ1.9 ይባዛል። 384 የነበረው 730 ሆነ ማለት ነው። አማካሪያችሁ ባይጠይቃችሁም እናንተ ጠይቁ።

ኤፒቱልስን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። የምርመራ ኪት ፍጹም አይደለም። ሴንሲቲቪቲው (የታመመውን ታሟል የማለት አቅሙ) 90፣ ስፔሲፊሲቲው (ጤነኛውን ጤነኛ የማለት አቅሙ) 95 በመቶ የሆነ ኪት ከመንጋው 10 በመቶውን ፖዘቲቭ ቢላችሁ፣ እውነተኛው ስርጭት ወደ 6 በመቶ ነው የሚጠጋው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም! ይህንንም እዚያው ያሰላላችኋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ከአይጥ ጋር የምትሠሩ ደግሞ፣ ይሄ የመንጋ ነገር እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። መድኃኒቱ በውኃ ወይም በመኖ የሚሰጥ ከሆነ፣ በአንድ ጎጆ ያሉት አይጦች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ጎጆው ነው እንጂ እያንዳንዱ አይጥ አይደለም። ለዚህ ኤንሲ ስሪ አርስ የተባለው፣ በምርምር የእንስሳት አጠቃቀም እንዲቀንስ የሚሠራው የእንግሊዝ ማዕከል ያዘጋጀው ኤክስፐሪመንታል ዲዛይን አሲስታንት የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። የሙከራችሁን ሥዕል ስትሠሩበት ይህን ዓይነቱን ግድፈት ይነግራችኋል። ያለ በቂ ምክንያት እንስሳ እንዳይባክን የሚያስብ ሰው ሁሉ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ለመረጃ ትንተና ፕሪዝም ወይስ አር (ኮድ እየተጻፈ ስታቲስቲክስ የሚሠራበት ቋንቋ)? ፕሪዝም ይከፈልበታል፣ ግን ለመልመድ ቀላል ነው፤ የመድኃኒት መጠንና ምላሽን በግራፍ ለማሳየት ቆንጆ ነው። የመስክ መረጃ ያላችሁ ግን አርን ልመዱ። ነፃ ነው። መጀመሪያ ላይ ያታግላል፣ አልደብቃችሁም፤ ሆኖም መንጋን እንደ ራንደም ኢፌክት ለማስገባት (የአንድ መንጋ ከብቶች መመሳሰላቸውን በስሌቱ ለማካተት) ኤልኤምኢ ፎር የሚባለው ፓኬጅ አለ፣ ለኤፒዲሚዮሎጂ ስሌት ደግሞ ኤፒ አር አለ። ኮዱ ተቀምጦ ስለሚቆይም ከስድስት ወር በኋላ ገምጋሚ ጥያቄ ሲያነሳ ምን እንደሠራችሁ በቀላሉ ታያላችሁ።

ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ፐብሜድ ነፃና አስተማማኝ ነው፤ ለባዮሜዲካል ይበቃል ማለት ይቻላል። የእንስሳት ሕክምና ጆርናሎችን ግን ሁሉንም አይዝም። ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በሥርዓት ሰብስቦ መገምገም) የምትሠሩ ከሆነ ካብ አብስትራክትስ የሚባለውን የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ጨምሩበት፤ ክፍያ ስላለው ቤተ መጻሕፍታችሁን ጠይቁ። ተቋማችሁ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ለታዳጊ አገር ተቋማት ጆርናል በነፃ ወይም በቅናሽ በሚከፍተው ፕሮግራም ሥር ተመዝግቦ እንደሆነም አጣሩ፤ ሂናሪና አጎራ በሚባሉት በኩል ብዙ ጆርናል ይከፈትላችኋል።

ለዋቢ አያያዝ ዞተሮ። ኤንድኖት ጥሩ ቢሆንም ይከፈልበታል፣ ሜንደሌይም ነፃ ቢሆን የኤልሴቪየር ነው፤ ዞተሮ ግን ኦፕን ሶርስ ነው። ነፃ የኦንላይን ማከማቻው 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፒዲኤፎቹን ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

ለምስል፣ የጄል ባንድና ጥቂት የማይክሮስኮፕ ፎቶ ከሆነ ፊጂ ይበቃል። ሙሉ የሂስቶፓቶሎጂ ስላይድ ስካን ካደረጋችሁ ኪውፓዝን ተጠቀሙ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነኩ በኮፒው ላይ ሥሩ፤ ጆርናሉ ኦሪጅናሉን ሊጠይቃችሁ ይችላል።