የወደብ ሲሙሌሽን ጌሜ ተጫዋች አላገኘም፤ ከየት ልጀምር?

መልሕቅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ሰዓት ብቻዬን የሠራሁት የወደብ አስተዳደር ሲሙሌሽን ጌም አለኝ። ተጫዋቹ መርከቦችን ያስተናግዳል፣ ክሬኖችን ይመድባል፣ ኮንቴይነሮች ሜዳው ላይ እንዳይከማቹ የጭነት መኪኖችን ተራ ያስተካክላል፤ አንድ ጥግ ላይ የተፈጠረች ትንሽ መዘግየት ከሰዓታት በኋላ በሌላው ጫፍ ምን እንደምታስከትል ማየት የጌሙ ዋና ጣዕም ነው። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ ገጹን ከከፈትኩ አምስት ወር ቢሆነኝም ዊሽሊስታቸው (ሊገዙ የሚያስቡትን የሚይዙበት ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡት ሰዎች አራት መቶ አይሞሉም። በማኅበራዊ ሚዲያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ምስል እለጥፋለሁ፤ አስተያየት የሚሰጡኝ ግን አብዛኞቹ እንደ እኔው ጌም የሚሠሩ ናቸው። ያለችኝን ጥቂት ገንዘብ ለማስታወቂያ ላውላት፣ የሚወጣበትን ቀን ላዘግይ፣ ወይስ ሳይጠናቀቅ በኧርሊ አክሰስ መሸጥ ልጀምር?

የሐዲድ ሰው፦
ገጽዎን አይቼዋለሁ፤ ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ በማድረግ በግልጽ ልናገር። አሁን ለማስታወቂያ መክፈል በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሆንብዎታል፤ ምክንያቱም ተከፍሎበት የሚመጣው ሰው የሚያርፍበት ገጽ፣ እዚህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የገለጹልንን ጌም አያሳየውም። ቪዲዮው የሚጀምረው በአርማዎና ባሕሩ ላይ በምትወጣ ፀሐይ ነው፤ የመጀመሪያው ክሬን ሲንቀሳቀስ ለማየት ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቄአለሁ። ሲሙሌሽን የሚወድ ሰው ውበትን አይጠላም፤ ቀድሞ የሚጠይቀው ግን «አንዱን ስነካው ሌላው ይናጋል ወይ?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ክሬን ተበላሽቶ፣ መርከብ ተሰልፎ፣ ሜዳው ሞልቶ፣ ተጫዋቹ መፍትሔ ሲያበጅ የሚያሳይ አንድ ሙሉ ሰንሰለት ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ያስገቡ። የፎቶዎቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሰንጠረዦቹንና የቁጥጥር መስኮቶቹን የደበቋቸው ገጹ እንዲያምር ብለው ይመስለኛል፤ ለዚህ ዓይነቱ ተጫዋች ግን ማባበያዎቹ እነሱ ናቸው።

ታጎቹንም፣ ማለትም የጌሙን ዓይነት የሚጠቁሙትን ቃላት፣ ይመርምሩ። ስቲም ጌምዎን ከየትኞቹ ጌሞች ጎን እንደሚያሳየው ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ታግ ነው፤ «ዘና የሚያደርግ» የሚለውን ከላይ ማስቀመጥዎ የተሳሳቱ ሰዎችን ይጠራብዎታል።

ቀመረኛ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የምጨምረው ዊሽሊስት የጭብጨባ ቁጥር አለመሆኑን ነው። ጌሙ ሲወጣ፣ በኋላም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ቅናሽ ሲደረግበት ስቲም ለእነዚህ ሰዎች ኢሜይል ይልካል፤ ስለዚህ በአራት መቶ ሰው መውጣት መልእክተኛ ሳይቀጥሩ ገበያ እንደመውጣት ይቆጠራል። ቀኑን ያዘግዩ።

በዚህ መሃል ዴሞ (በነፃ የሚሞከር የጌሙን ክፍል) ያዘጋጁ። ኔክስት ፌስት የተባለው የስቲም የዴሞ ዝግጅት በዓመት ሦስት ጊዜ ይካሄዳል፤ አንድ ጌም የሚሳተፈው ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ዕድል አሁን ባለው ገጽ አያባክኑት። ዴሞውን ከወራት በፊት ለቅቀው ሰዎች የት እንደሚያቆሙ ይመልከቱ። ስቲም ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተና በገዛ በ14 ቀን ውስጥ ለጠየቀ ሰው ገንዘቡን ስለሚመልስ፣ አጨዋወቱን የሚያስተምረው ክፍል ሁለቱን ሰዓት ከበላ ጣዕሙ ላይ ሳይደርሱ የሚመልሱ ይበዙብዎታል።

ስለ ዕለታዊ ምስሎችዎ አንድ ነገር ልበል። ፋክቶሪዮ የተባለውን የፋብሪካ ጌም የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት ዓርብ ዓርብ ይጽፉ የነበረው፣ ማጓጓዣ ቀበቶውና ባቡሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ ነበር። እርስዎም የመኪኖቹ ተራ እንዴት እንደሚሰላ ቢጽፉ፣ በሠላሳ ፎቶ ያላገኙትን አንባቢ የሚያገኙ ይመስለኛል። (ዋጋቸውን ግን አይቅዱ፤ ቅናሽ አድርገው አያውቁም፣ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ከ30 ወደ 35 ዶላር አሳድገውታል፤ ያ ለማይታወቅ ጌም አይሠራም።)

የሌሊት ፈረቃ፦
በኧርሊ አክሰስ ላይ ማንም አልመለሰልዎትም። ለሲሙሌሽን ይስማማል፤ ሪምወርልድ የተባለው የሰፈራ ማስተዳደሪያ ጌም እ.ኤ.አ. በ2013 ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ገንዘብ ካሰባሰበ በኋላ ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ በመሃሉ ያሉት ዓመታት ግን ያለማቋረጥ ማሻሻያ የሚለቀቅባቸው ነበሩ። መደበኛ ሥራ ያለዎት ብቸኛ ሠሪ ስለሆኑ ያንን ፍጥነት ይችሉታል ወይ የሚለውን አስቀድመው ይመልሱ። እኔ ብሆን አልጀምረውም።

የእኔ ምክር ዩቲዩበሮችን ይመለከታል። ትልልቆቹን ይተዉና የትራንስፖርትና የፋብሪካ ጌም ብቻ የሚጫወቱ ትንንሽ ቻናሎችን ይፈልጉ። አጭር ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ ጌሙን ከሚከፍትላቸው የቁልፍ ኮድ ጋር ደግሞ ወደቡ ሊታነቅ የደረሰበትን፣ እነሱ ከዚያው የሚቀጥሉትን አንድ የተቀመጠ ጨዋታ ይላኩላቸው። ብዙ ሠሪዎች ይህን አያደርጉትም፤ ቪዲዮ ሠሪው ባዶ ሜዳ ላይ ጀምሮ ለአርባ ደቂቃ ምንም ሳይፈጠር ሲቀር ቪዲዮውን ይጥለዋል። ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለው የምሽግ ግንባታ ጌም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በነፃ ሲታደል ያለ ማስታወቂያ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ስቲም ላይ ሲሸጥም ብዙ ገዥ የጠበቀው፣ ተጫዋቾቹ ስለ ምሽጎቻቸው ውድቀት የሚያወሩት ታሪክ ስለነበራቸው ነው።

መልሕቅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፀሐይዋን ዛሬውኑ ቆርጫታለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንድ ክሬን ጥገና ላይ ሳለ ሦስት መርከቦች አብረው የሚደርሱበት የተቀመጠ ጨዋታ ስላለኝ፣ ቪዲዮውንም ለቻናሎቹ የምልከውንም ከእሱ አዘጋጃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ዴሞውን በሰዓት ልገድበው ወይስ በይዘት?

ቀመረኛ፦
በይዘት ይገድቡት። አንድ የመርከብ ማቆሚያና ሁለት ክሬን ይስጧቸውና የፈለጉትን ያህል ይጫወቱ፤ ሰዓት ቆጣሪ ሲሙሌሽን ወዳጅን ያበሳጫል። ከተቻለም ዴሞው ላይ የሠሩት ወደብ ወደ ሙሉው ጌም የሚሸጋገር ይሁን፤ ሠርቶ የጀመረውን ወደብ ትቶት መሄድ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው።