ቀስቱን ከሃይድሮጅን የሚያስነሱ ተማሪዎችን እንዴት ላስተምር?

ጠያቂ፦
ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መግቢያ አስተምራለሁ። የማርኮቭኒኮቭን ደንብ (ድርብ ቦንድ ላይ እንደ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ያለ ሲጨመር ሃይድሮጅኑ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል የሚለውን) እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። ፕሮፒን ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሲጨመር ምን ይገኛል ስላቸው «2-ብሮሞፕሮፔን» ብለው በትክክል ይመልሳሉ። ሜካኒዝሙን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱበትን መንገድ፣ በቀስት ሳሉ ስላቸው ግን አብዛኞቹ ቀስቱን ከሃይድሮጅኑ አስነሥተው ወደ ድርብ ቦንዱ ይሰዱታል። ክፍሉ 70 ተማሪ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነባር መምህር፦
ቀስቱ የሚያሳየው የኤሌክትሮን ጥንድን ጉዞ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያየው እንደ አተም ጉዞ ነው። ሃይድሮጅኑ ሄዶ ተጣበቀ፤ ስለዚህ ቀስቱ ከእርሱ ይነሣል፤ በተማሪው ዓይን ምንም ስሕተት የለበትም። አልኪን (ድርብ ቦንድ ያለው ሃይድሮካርቦን) ላይ ከመድረስዎ በፊት በአሲድና ቤዝ ያለማምዷቸው። አሞኒያና ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይስጧቸው፤ የናይትሮጅኑን ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮን በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ ያድርጉ። ከቀይ ነጥብ ያልተነሣ ቀስት ማርክ የለውም። ሁለተኛው ቀስት ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን ቦንድ ተነሥቶ ክሎሪኑ ላይ ያርፋል። ይህ ከገባቸው የድርብ ቦንዱን ፓይ ኤሌክትሮኖችም (የሁለተኛውን ቦንድ ጥንድ) በቀይ ማቅለም ብቻ ይቀርዎታል። በዚያው የፒኬኤን (የአሲድ ጥንካሬ መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይጠነክራል) ነገር ያንሡ፤ አሴቲክ አሲድ 4.76፣ ኤታኖል 16 ገደማ። ለምን እንዲህ ተራራቁ? የአሴቴት ኔጌቲቭ ቻርጅ ለሁለት ኦክስጅኖች ስለሚከፈል። ሬዞናንስ (ኤሌክትሮን ወይም ቻርጅ በበርካታ አተሞች ላይ መሰራጨቱ) ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለውም።

ሌላ መምህር፦
ከሁሉ በፊት ፈተናዎን ይመልከቱ። የመጨረሻውን ውጤት ብቻ የሚጠይቅ የምርጫ ፈተና እየሰጡ ሜካኒዝም አልገባቸውም ብሎ ማዘን አይሆንም፤ ተማሪ የሚያጠናው ማርክ የሚያመጣለትን ነው። እኔ ሆን ብዬ የተበላሸ ሜካኒዝም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አራት አራት ሆነው ያርሙና አንድ ወረቀት ያስረክባሉ። ለ70 ሰው እርማቱም ይቀላል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ ከተማሪ ወገን ልናገር። እኛን የረዳን «ሃይድሮጅኑ መሐለኛው ካርቦን ላይ ቢጣበቅስ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ሁለቱንም መንገድ ስንስል አንዱ ፕራይመሪ፣ ሌላው ሴኮንደሪ ካርቦካቲዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካርቦን፤ ከአንድ ካርቦን ጋር ከተያያዘ ፕራይመሪ፣ ከሁለት ሴኮንደሪ፣ ከሦስት ተርሸሪ ይባላል) ሰጠን። የተረጋጋው ሴኮንደሪው ስለሆነ ብሮሚኑ የት እንደሚገባ ራሳችን ደረስንበት፤ ደንቡን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፦
ኤስኤን1 እና ኤስኤን2 ላይ ሲደርሱ በዓይናቸው ይዩት። ሁለቱም የመተካት ሪአክሽኖች ናቸው፤ በኤስኤን1 ተተኪው ከመግባቱ በፊት ሃላይዱ ተላቅቆ ካርቦካቲዮን ይፈጠራል፣ በኤስኤን2 መግባቱና መውጣቱ በአንድ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለኤስኤን1፦ በኤታኖል የተሟሟ ሲልቨር ናይትሬት በሁለት የሙከራ ቱቦዎች ያዘጋጁ፤ በአንዱ ተርት-ቡቲል ክሎራይድ፣ በሌላው 1-ክሎሮቡቴን ጠብ ያድርጉ። የመጀመሪያው ወዲያው ነጭ ዝቃጭ ያወጣል፤ ሁለተኛው ዝም ይላል። ቀጥለው ለኤስኤን2 በአሴቶን የተሟሟ ሶዲየም አዮዳይድ ወስደው በ1-ብሮሞቡቴንና በተርት-ቡቲል ብሮማይድ ይሞክሩት፤ አሁን ፈጣኑ ፕራይመሪው ነው። ሶዲየም ብሮማይድ አሴቶን ውስጥ ስለማይሟሟ ይዘቅጣል። ተርሸሪው ለምን ወደ ኋላ ቀረ ብለው ይጠይቋቸው፤ ሦስቱ ሜቲሎች የኑክሊዮፋይሉን (ኤሌክትሮን ጥንድ ይዞ የሚገባውን፣ እዚህ አዮዳይዱን) መግቢያ እንደዘጉት የሚናገር አይጠፋም። አሴቶንና ኤታኖል ተቀጣጣይ ናቸው፤ እሳት አጠገባቸው አይኑር።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲልቨር ናይትሬቱ ውድ ነው፤ ምን ያህል ይበቃል?

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፦
1 በመቶ ከሆነ በቂ ነው። ለአንድ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከሃላይዱ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ። ቱቦዎቹ በደንብ የደረቁ ይሁኑ፤ በቧንቧ ውኃ ከታጠቡ ውኃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ራሱ ዝቃጭ ያወጣና ያሳስትዎታል። ጓንት ያድርጉ፤ ሲልቨር ናይትሬት ቆዳ ያጠቁራል።